አምስት ሰከንድ ዝም ማለት

(በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ወላጆችና ተማሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። በሥራ ቀን ማታ፣ ልጆቻችሁን ለአያትና ለጎረቤት ትታችሁ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ።

ሥራሽ ምንድን ነው ስባል "ስፒች ቴራፒስት ነኝ" እላለሁ። ይሄ ቶሎ ይገባል። "አሃ፣ ልጅ አፉን አልፈታ ሲል የሚወሰድበት!" ትሉኛላችሁ። ቀሪውን ስጨምር ግን ጥያቄ ይበዛል። አሁን ብዙ ጊዜዬን የማጠፋው ልጆችን በማከም አይደለም። ነገ የእናንተን ልጅ የሚያክሙትን ወጣቶች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በማሠልጠን ነው። ይህ ሥራ ከውጭ አይታይም። ወላጅ የሚያየው ምንጣፍ ላይ ከልጁ ጋር የተቀመጠችውን ተማሪ ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ማን እንደተቀመጠ፣ ምን እየጻፈ እንደሆነ አያይም። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ሰው ነው።

መስታወት ያልኩት እንዲሁ አይደለም። የማሠልጠኛ ክሊኒኮች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ክፍል አላቸው። ከውስጥ ላለው ሰው መስታወት ነው፤ ከውጭ ለቆመው ግን መስኮት ነው። ተማሪዋ ልጁን ታክማለች። መምህሯ ከወዲያ ሆና ታያለች፣ በድምፅ ማጉያ ትሰማለች። አሁን ካሜራ እየተካው ነው፤ ሥራው ግን ያው ነው።

ከራሴ ልጀምር። የማስተርስ ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያ ታካሚዬ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ብዙ አይናገርም። ሌሊቱን ሙሉ ስዘጋጅ አደርኩ። ሥዕል ቆረጥኩ፣ ትንንሽ መኪኖች ሰበሰብኩ፣ የሳሙና አረፋ ገዛሁ። ሠላሳው ደቂቃ እንደ ንፋስ አለፈ። አንድም ጊዜ ጸጥ አላልንም። በኩራት ወጣሁ።

መምህሬ እጄን ጨብጠው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። "ልጁ ስንት ጊዜ ተናገረ?"

መልስ አልነበረኝም። ወረቀታቸውን አሳዩኝ። ለሁለት ተከፍሏል። በአንዱ በኩል ጭረት በጭረት ላይ ተደርድሯል፤ ሞልቶ ወደ ጀርባው ዞሯል። እኔ ነኝ። በሌላው በኩል ዘጠኝ ጭረት አለ። ልጁ ነው። አልተቆጡም፤ "ያ ሁሉ ጥያቄ ለምን?" አላሉኝም። "በሚመጣው ሳምንት ከጠየቅሽው በኋላ በልብሽ እስከ አምስት ቁጠሪ" ብቻ አሉኝ።

አምስት ሰከንድ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ የሚያውቀው የሞከረ ነው። አሁን እዚሁ እንሞክረው። ዝም እንበል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አያችሁ? ገና አምስት ሳንደርስ ወንበር ተንቋቋ፣ አንድ ሰው ሳል አለው። ቃል ለመፈለግ ለሚቸገር ልጅ ግን ይህቺ ጊዜ ሁሉም ነገር ናት። ጥያቄውን ይሰማል፣ ይተረጉማል፣ ቃሉን ይፈልጋል፣ ምላሱንና ከንፈሩን ያዘጋጃል። እኛ በሁለተኛው ሰከንድ ሌላ ጥያቄ ስንጨምርበት እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። በስትሮክ ምክንያት ቋንቋ ያጡ ትልልቅ ሰዎችም እንዲሁ ናቸው። ቃሉ አለ፤ መንገዱ ነው የተበላሸው።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የማስተምራቸው ከባዱ ነገር የጉሮሮ አካላት ስም አይደለም። እሱን አጥንተው ያልፋሉ። ከባዱ መጠበቅ ነው። መጠበቅን ደግሞ በሌክቸር ማስተማር አይቻልም። ተማሪው የሚማረው እኔ እሱን ስጠብቀው ነው።

አንዳንዶቻችሁ ልጆቻችሁ ይህን ሙያ እንዲያጠኑ ስለምትፈልጉ መንገዱን በአጭሩ ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ ማስተርስ ያስፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። ትምህርቱ ሰፊ ነው። የልጆች ቋንቋ አለ፣ መንተባተብ አለ፣ የድምፅ ሕመም አለ፣ ከስትሮክ በኋላ የሚመጣ የቋንቋ ችግር አለ። ብዙ ሰው የማያውቀው የመዋጥ ችግርም አለ። ሆስፒታል ውስጥ አባታችሁ ውሃ ሲጠጡ ትን እያላቸው ቢቸገሩ፣ መጥታ የምትመረምራቸው ይህችው ባለሙያ ናት።

የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ማኅበር፣ በአጭሩ አሻ የሚባለው፣ ለሙያ ማረጋገጫው 400 የክሊኒክ ሰዓት ይጠይቃል። 25ቱ ሌላ ባለሙያ ሲሠራ በማየት የሚሞላ ነው። 375ቱ ራስ ከታካሚ ጋር ሆኖ የሚሠራበት ነው። ከምረቃ በኋላም ሌላ ልምምድ አለ፤ ቢያንስ 36 ሳምንትና 1,260 ሰዓት። በተማሪነት ጊዜ መምህሩ ተማሪዋ ከታካሚ ጋር ከምታሳልፈው ሰዓት ቢያንስ ሩቡን በዓይኑ ማየት አለበት። ሩብ ዝቅተኛው ነው። ተማሪዋ ጀማሪ ከሆነች ወይም ታካሚው ከባድ ከሆነ ከዚያ በላይ መሆን አለበት።

መምህር ለመሆንስ ምን ያስፈልጋል? ከ2020 ጀምሮ አሻ ሁለት ነገር ይጠይቃል። የሙያ ማረጋገጫውን ካገኘ በኋላ ቢያንስ የ9 ወር የሙሉ ጊዜ ሥራ፣ እና ስለ ክሊኒክ ማስተማር ቢያንስ የሁለት ሰዓት ሥልጠና። ከዚያ በፊት ይሄም አልነበረም። ጥሩ ሐኪም ከሆንክ ጥሩ አስተማሪ ትሆናለህ ተብሎ ይታሰብ ነበር። በግልጽ ልናገር፣ ሁለት ሰዓት ትንሽ ነው። መኪና ለመንዳት እንኳ ከዚያ የበለጠ እንለማመዳለን። ሰውን እያዩ ሰው መሥራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ይህን ቀድመው ከተናገሩት አንዷ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲዋ ጂን አንደርሰን ናቸው። በ1988 ያወጡት ሐሳብ ዛሬም ይሠራበታል። የመምህርና የተማሪ ግንኙነት እየተለወጠ መሄድ አለበት ይላሉ። መጀመሪያ መምህሩ ይመዝናል፣ ይነግራል፤ ተማሪው ይቀበላል። መሐል ላይ ሥራውን አብረው ያዩታል፣ አብረው ያቅዳሉ። በስተመጨረሻ ተማሪው ራሱ የራሱን ሥራ ይመዝናል። ችግሩ ብዙ መምህራን የመጀመሪያው ላይ ተቸክለን መቅረታችን ነው። መንገር ቀላል ነው። ሰዓትም ይቆጥባል። ተማሪውም ይወደዋል፤ "እባክዎ ምን ላድርግ ዝም ብለው ይንገሩኝ" ይላል። እኔም ስንት ጊዜ ነግሬያለሁ። በማግስቱ ያቺው ተማሪ ትንሽ ለየት ያለ ልጅ ሲገጥማት እንደገና የቢሮዬ በር ላይ ናት።

አሁን ወደ አንድ ከባድ ታሪክ ልውሰዳችሁ። በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎቼ እነግረዋለሁ። ስነግረው ግን ለራሴ ጭምር ነው።

ይህ ሙያ አሜሪካ ውስጥ ካደገባቸው ቦታዎች ዋነኛው የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለሙያው ፈር ከቀደዱት አንዱ ሊ ኤድዋርድ ትራቪስ በ1924 ዶክትሬታቸውን የሠሩት እዚያ ነው። በ1925 አሁን አሻ የሆነው ማኅበር ሲመሠረትም የአዮዋ ሰዎች ከፊት ነበሩ። በዚያ ዘመን እዚያ ከተማሩት ብዙዎቹ ራሳቸው የሚንተባተቡ ነበሩ። ቻርልስ ቫን ራይፐር አንዱ ናቸው። በኋላ ካላማዙ፣ ሚሺጋን ሄደው በ1936 ክሊኒክ አቋቋሙ። ሌላው ዌንደል ጆንሰን ናቸው። መንተባተብ ከግራና ቀኝ እጅ ጋር ይያያዛል ተብሎ ስለተገመተ፣ ጆንሰን ግራኝ ለመሆን ቀኝ እጃቸውን በጄሶ እስከማሰር ደርሰዋል። መድኃኒት ለማግኘት ያልሞከሩት የለም ማለት ይቻላል።

ጆንሰን መምህር ከሆኑ በኋላ ሌላ ሐሳብ መጣላቸው። መንተባተብ የሚጀምረው ልጁ አፍ ውስጥ አይደለም፤ ወላጅ "ልጄ ይንተባተባል" ብሎ ሲጨነቅና ሲያርም ነው አሉ። ሐሳቡን ለመፈተን በ1939 ሜሪ ቱዶር የምትባል የማስተርስ ተማሪያቸውን እዚያው አዮዋ ዳቬንፖርት ከተማ ወደሚገኝ የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ላኳት። 22 ልጆች ተመረጡ። ከእነሱ ውስጥ ንግግራቸው ደህና የሆነ ስድስት ልጆች "የመንተባተብ ምልክት እያሳያችሁ ነው" ተባሉ። ስትናገሩ ተጠንቀቁ፣ በትክክል መናገር ካልቻላችሁ አትናገሩ ተባሉ። ለወራት።

ልጆቹ ማውራት ፈሩ። ዝምተኛ ሆኑ። የሚናገሩትን ቃል መቁጠርና ማሳጠር ጀመሩ። ሜሪ ቱዶር ያየችው ስላስጨነቃት በኋላ ተመልሳ ልታስተካክለው ሞከረች። ጥናቱ በመጽሔት አልወጣም። ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። በ2001 አንድ የካሊፎርኒያ ጋዜጣ ታሪኩን አወጣው፤ ዩኒቨርሲቲውም ይቅርታ ጠየቀ። በ2007 የአዮዋ ግዛት በሕይወት ላሉት ተጎጂዎችና ለሞቱት ወራሾች 925,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በወላጅ አልባነታቸው ላይ አንደበታቸውን ያስፈሩባቸው ልጆች እርጅና ላይ ደርሰው ነበር።

ዛሬ ያለው እውቀት የጆንሰንን ሐሳብ አይደግፍም። መንተባተብ ከዘር ውርስና ከአንጎል አሠራር ጋር በብርቱ የተያያዘ ነው። ወላጅ አያመጣውም። ይህን አጥብቄ የምለው እኛ ዘንድ "ደንግጦ ነው"፣ "በልጅነቱ ስለቆጣሁት ነው" እያሉ ራሳቸውን የሚወቅሱ እናቶች ስለማውቅ ነው። እባካችሁ ያን ሸክም አውርዱት።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ ተማሪዋ ናት። በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለች ወጣት ነበረች። መምህሯ ትልቅ ሰው ናቸው። ሥራውን የሰጧት እሳቸው፣ ነጥብ የሚሰጧት እሳቸው፣ ነገ ሥራ ስትፈልግ ደብዳቤ የሚጽፉላት እሳቸው። ልጆቹ ሲዘጉ በዓይኗ አይታለች። "ይሄ ልክ አይደለም" ለማለት ግን ወደ ማን ትሂድ? መምህር ተማሪው "አይሆንም" የሚልበት በር ካልከፈተለት፣ ጥፋቱ ሲደርስ የሚነግረው አያገኝም። ስለዚህ በሴሚስተሩ መጀመሪያ ቀን ተማሪዎቼን አንድ ነገር አስለምዳቸዋለሁ። ክሊኒክ ውስጥ ያዘዝኳቸው ነገር ታካሚውን የሚጎዳ ከመሰላቸው እዚያው ያቆማሉ፤ ለምን እንዳቆሙ በኋላ እንነጋገራለን። በዚህ ነጥብ አይቀነስም። ሁለት ጊዜ አቁመውኛል። አንዱን ጊዜ ትክክል ነበሩ።

ከአዮዋው ታሪክ ሌላም ነገር እናያለን። ባለ ሥልጣን የሆነ ሰው ልጁን "ችግር አለብህ" ሲለው ቃሉ ይቀራል። በስህተት የተለጠፈ ስም በእኛም ልጆች ላይ ይደርሳል።

ጥቂት ምሳሌ ልስጣችሁ። ከአገር ቤት ከመጣ ብዙም ያልቆየ ልጅ "ስኩል" ማለት ሲያቅተው "እስኩል" ይላል። "ቲንክ" የሚባለውን "ሲንክ" ይላል። አማርኛ ቃልን በሁለት ተነባቢ መጀመር አይወድም፤ ምላስ በጥርስ መሐል ወጥቶ የሚባለው የእንግሊዝኛው ድምፅም የለውም። ልጁ ምንም ችግር የለበትም፤ የአማርኛውን ሕግ ይዞ ወደ እንግሊዝኛ ገብቷል። እንግሊዝኛ ብቻ የለመደ ጆሮ ግን ስህተት ይቆጥርበታል። በተቃራኒውም ይሆናል። "ቋንቋ እየተማረ ነው፣ ይደርስበታል" ተብሎ የእውነት እርዳታ የሚያስፈልገው ልጅ ሁለት ዓመት ይባክንበታል። ሁለቱን የምትለየው ባለሙያ እንዴት ትፈጠራለች? መምህሯ ካላስተማረቻት አትፈጠርም።

ክፍል ውስጥ አንድ ጨዋታ አለኝ። ሰሌዳው ላይ "ገና" ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ "ገና አልመጣም" እላለሁ፤ ቀጥዬ "ለገና እንመጣለን" እላለሁ። ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸው ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኞቹ አንድ ነው ይላሉ። ጆሯቸው የላላውንና የጠበቀውን አይለይም። እናንተ ግን ገና ሳልጨርስ ለያችሁት። "ዋና" ብዬ ለመዋኘቱና ለዋናው ነገር እደግምላቸዋለሁ። ከዚያ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ እንዲሉ አደርጋቸዋለሁ። አየሩን ጉሮሮ ላይ ዘግቶ የሚለቀቀውን ድምፅ ሲሞክሩ ፊታቸው ይቀላል፣ እርስ በርስ ይሳሳቃሉ። ሳቁ ሲያልፍ እጠይቃለሁ። "አሁን በአማርኛ የሚያወራ ልጅ ፊታችሁ ቢቀመጥ፣ የትኛው ድምፅ እንዳመለጠው በምን ታውቃላችሁ?" ክፍሉ ጸጥ ይላል። ያቺን ጸጥታ አልሞላትም። እስከ አምስት እቆጥራለሁ።

መልሱ ቤተሰብ ነው። የእውነት የቋንቋ ችግር ያለበት ልጅ በአንዱ ቋንቋ ብቻ አይቸገርም፤ በሁለቱም ይታይበታል። ስለዚህ እናቱ፣ አያቱ፣ አሳዳጊው ምን ይላሉ የሚለው የፈተና ወረቀት የማይሰጠውን ይሰጣል። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች የተሠራ ፈተና ላይ የወጣ ነጥብ ብቻውን ስለ አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ፍርድ መስጠት አይችልም። በዚህ አገር የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግም ልጁ፣ የማይቻል ካልሆነ በቀር፣ በሚያውቀው ቋንቋ እንዲመዘን ያዛል። አስተርጓሚ ስትጠይቁ ውለታ እየለመናችሁ አይደለም። መብታችሁ ነው።

አስተርጓሚም ቢኖር መማር ያለብን ነገር አለ። አንድ ጊዜ ተማሪዬ አንድ ልጅ ስትመረምር አስተርጓሚው በጣም ደግ ሰው ነበሩ። ልጁ የተቆራረጠ፣ ግስ የጎደለው ነገር ይናገራል። እሳቸው አዘኑለት መሰለኝ፣ አስተካክለው በጥሩ እንግሊዝኛ ያቀርቡታል። ተማሪዬ "ምንም ችግር የለበትም" ብላ ጻፈች። እኔ ከመስታወቱ ጀርባ ሁለቱንም እሰማ ነበር። ያን ቀን ጥፋቱ የተማሪዋም የአስተርጓሚውም አልነበረም፤ የኔ ነበር። ከምርመራው በፊት ሁለቱን አስቀምጬ "ልጁ ያለውን እንዳለ፣ እንደተሰበረ አምጡልን" ማለት ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ ይህን ሳላደርግ ክፍሉን አልከፍትም።

ሌላው የምታገልበት ምክር "ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አውሩት" የሚለው ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህ የተነገራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሁለት ቋንቋ የቋንቋ ችግር አያመጣም። ችግር ያለበት ልጅም ሁለት ቋንቋ መማር ይችላል። አያቱ የምታወራበትን ቋንቋ የነጠቅነው ልጅ የሚያጣው ቃል ብቻ አይደለም። ማታ ተረት የሚነግረውን ሰው ያጣል። ተማሪዎቼ ይህን ምክር እንዳይሰጡ በፈተናም በክሊኒክም ደጋግሜ አጠብቅባቸዋለሁ።

ስለ አያት ካነሳን፣ የመጠበቂያ ክፍላችን ውስጥ አንዲት አያት ወደ ጎን ወስደውኝ ያውቃሉ። "ልጄ፣ አትቀየሚኝና፣ ይሄ እኮ ጨዋታ ብቻ ነው። መቼ ነው የሚያስተምሩት?" አሉኝ። ይዣቸው ከመስታወቱ ጀርባ ገባሁ። "እማማ፣ ተማሪዋ መኪናውን ከመስጠቷ በፊት ምን እንደምታደርግ ይዩልኝ" አልኳቸው። መኪናውን ከፍ አድርጋ ያዘችው፤ ጠበቀች። ልጁ ተማሪዋን አየ፣ መኪናውን አየ፣ እንደገና ተማሪዋን አየ። "ስጪኝ" አለ። እማማ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከዚያ ቀን ወዲህ እቤትም እንጀራውን ከማቅረባቸው በፊት ይጠብቁት ጀመር።

አገር ቤትም መጀመሩን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግግርና ቋንቋ ሕክምና በዲግሪ ያስተምራል። ከዚያ በፊት መንገዱን የጠረጉት ወላጆች ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማርና ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የኦቲዝም ልጅ እናት ነበሩ፤ በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ከፈቱ። አቡጊዳ ፎነቲክስ ያሉትን የማስተማሪያ ዘዴም ከፊደላችን ተነስተው አዘጋጁ። አገሪቱ አሁን የሚያስፈልጋት ቴራፒስቶችን የሚያፈሩ መምህራን ናቸው። አንዲት ቴራፒስት በሕይወቷ መቶዎች ልጆችን ትረዳለች። አንዲት መምህርት ደግሞ መቶ ቴራፒስቶችን። እዚህ ካላችሁት ወጣቶች ሁለት ቋንቋ የምትናገሩ፣ ተመልከቱት። ከአሻ አባላት በሁለት ቋንቋ እንሠራለን የሚሉት ከ10 በመቶ ያነሱ ናቸው። አማርኛ የሚችሉት ከዚያ ውስጥ ስንት ናቸው ብላችሁ አስቡ።

ጊዜዬ አለቀ መሰለኝ፤ አንድ ነገር ልንገራችሁና ለጥያቄ እንክፈተው።

የመምህሬን ለሁለት የተከፈለች ወረቀት ዛሬም እጠቀምባታለሁ። በግራ ተማሪዋ፣ በቀኝ ታካሚው። ባለፈው ሴሚስተር አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ስትጀምር እንደኔ ነበረች፤ ዝምታ ያስፈራታል። በመጀመሪያው ሳምንት የግራው በኩል ሞልቶ ፈሰሰ። እስከ አምስት ቁጠሪ አልኳት። በአራተኛው ሳምንት ጠረጴዛው ሥር በጣቶቿ ስትቆጥር አየኋት። በአሥረኛው ሳምንት ክፍለ ጊዜው አልቆ ወጣች። ወረቀቴን ይዤ ጠበቅኳት። ምን ትላለች ብዬ ሳልጠይቃት ማስታወሻዋን ከፈተችልኝ። ለሁለት ከፍላዋለች። "እኔ 31፣ እሱ 28" አለችኝ። "ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ቸኮልኩ፤ ስድስቱን እዚያ ነው ያጣሁት። ማክሰኞ ጨዋታውን ቀይሬ እሞክረዋለሁ።"

የኔም ቁጥር ያው ነበር። ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።